ወንዝ ዳር ያወለቅኩት ጫማ

ይህ የሆነው ሚሊኒየማችንን ባከበርን በዓመቱ፣ ኢድ ካለፈ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ አንድ ረቡዕ ቀን ነው። ረቡዕ መሆኑን ዛሬ በእርግጠኝነት እናገራለሁ፤ ያን ቀን ግን ማክሰኞ ነው ብዬ ነበር። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ የጠፉ ሽማግሌ አገኘሁ፣ ለቤታቸውም አበቃኋቸው ብዬ ጠዋቱን ሙሉ በራሴ ስኮራ ስላረፈድኩ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሐኪም ቤት ነው። ዴንቨር ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኝ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በእግሬ የሄድኩት ሁሉ ቢደመር ከቤት እስከ መኪና፣ ከመኪና እስከ ምግብ ቤት ቢሆን ነው። የታክሲ ፈቃዴን ለማሳደስ የጤና ምርመራ ስሄድ የደም ግፊቴ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ለካኝ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። ፎርሙን አልፈርምልህም አለኝ፤ ሳይፈረም ደግሞ መንዳት አልችልም። ሦስት ሳምንት ሰጠኝ፤ መድኃኒቱን እንድውጥ፣ ጨው እንድቀንስ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግሬ እንድሄድ። በሦስተኛው ሳምንት ካልወረደ ጭራሽ መንዳት የለም ማለት ነው። ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሥራ ደግሞ አልነበረኝም።

ይህን ለባለቤቴ ለሰሚራ አልነገርኳትም። ስለ ጨውና ስለ ጥብስ ዓመታት ስትመክረኝ ኖራለች። አሁን ብነግራት «አላልኩህም?» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ሌላም ነገር ነበር። ሁለት ልጆች ያሉት ሰው «ሥራዬ ሊያበቃ ይችላል» ብሎ ለሚስቱ ለመናገር ድፍረት ያስፈልገዋል፣ እኔ ደግሞ ድፍረት ያለኝ መሪ ስይዝ ብቻ ነው። ታክሲውን የምረከበው ከድርጅቱ ግቢ ስለነበር እቤት የሚታይ ለውጥ አልነበረም። በየጠዋቱ እንደ ሠራተኛ ተነስቼ፣ ጃኬቴን ለብሼ፣ ደህና ዋሉ ብዬ እወጣለሁ። የት እንደምሄድ ግን ራሴም አላውቅም ነበር።

በመጀመሪያ የሐኪሙን ትእዛዝ ሐበሻ በሚበዛበት ሃቫና ስትሪት ላይ ልፈጽም ሞከርኩ። ሃቫና ላይ በእግሩ የሚሄድ ሐበሻ ማለት መኪናው የተበላሸበት ሐበሻ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ሳልሄድ ከመስጊድ የማውቀው ሰው መኪናውን አቁሞ «ምን ሆንክ? ግባ» አለኝ። ስፖርት ነው ብዬ ሸኘሁት። ቀጥሎ አንዲት ባለ ሱቅ የመኪናዋን መስኮት ዝቅ አድርጋ ባትሪዬ ሞቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሦስተኛው የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ እሱ ጭራሽ አልሰማኝም፤ ሰው ሲያግዝ እምቢ ማለት ነውር ነው ብዬ ገባሁ፣ ቤቴ ደጃፍ ድረስ አደረሰኝ። ያን ቀን በጠቅላላው የተራመድኩት ስምንት ደቂቃ ነው። ሰሚራ ለምን በዚህ ሰዓት መጣህ ስትለኝ ደግሞ ተጨማሪ ውሸት አስፈለገኝ።

ስለዚህ ሐበሻ የማያየኝ ቦታ ፈለግኩ። እኛ ሰፈር ናይን ማይል የሚባለው የባቡር ጣቢያ ከተከፈተ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ደንበኛ ወሰደብን ብዬ የረገምኩት ባቡር ነው፣ አንድ ቀን ተሳፍሬበት አላውቅም። ካርታው ላይ ሳይ የሌላኛው መስመር መጨረሻ ሊትልተን ነው፤ ከጎኑ ወንዝ አለ፣ ወንዙን ተከትሎ የእግር መንገድ አለ። በመስመሩ መጨረሻ ላይ ማን ሐበሻ ይኖራል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ረቡዕ ጠዋት መኪናዬን ናይን ማይል ፓርክ አደረግኩና ተሳፈርኩ። አንድ የታክሲ ሹፌር በባቡር መስኮት ቢያየኝ ምን ይለኛል ብዬ እስከ ብሮድዌይ ድረስ ፊቴን በነጻ ጋዜጣ ሸፍኜ ሄድኩ። ብሮድዌይ ላይ ባቡር ቀየርኩ። እግሬ ላይ በቅናሽ የገዛሁት አዲስ ነጭ ስኒከር አለ። ሱቅ ውስጥ ስለካው ትንሽ ያዝ አድርጎኝ ነበር፤ የኔ ቁጥር ስላልነበረ ይሰፋል ብዬ ገዛሁት። በእጄ ውሃና አራት የሥጋ ሳምቡሳ የያዘ ፌስታል ነበር። ሐኪሙ አትብላ ያለኝን ነገር ሐኪሙ ባዘዘው የእግር ጉዞ ላይ ይዤ መሄዴ ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ከመጨረሻው ጣቢያ ወርጄ ትልቁን መንገድ ተሻግሬ ወንዙ ዳር ደረስኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። ዛፎቹ ቢጫ ሆነዋል፣ በስተ ምዕራብ ተራራው ይታያል፣ መኪና የለም። ምን ያደርጋል፣ ሃያ ደቂቃ ሳልሄድ ጫማው ይነክሰኝ ጀመር። ሊሰፋ ቀርቶ እየጠበበ የሄደ መሰለኝ። ውሃው ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አገኘሁና ተቀመጥኩ። ሁለቱንም ጫማ አውልቄ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ፣ ሐኪሙ እንዳሳየኝ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ የልቤን ምት መቁጠር ያዝኩ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሦስቱም የተለያየ ወጣ። ሁለት ሳምንት አልፎኛል፣ የቀረኝ አንድ ሳምንት ነው እያልኩ ሳሰላስል ብዙ ቆየሁ መሰለኝ።

«ልጄ፣ እንደምን አደርክ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

ዞር ስል ሰባውን ያለፉ ሽማግሌ ቆመዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰው ከረባት አስረዋል፣ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር ጃንጥላ ይዘዋል። በጀርባዬ እንዴት ሐበሻነቴን እንዳወቁ አልገባኝም። ብድግ ብዬ በካልሲ ቆሜ ሰላም አልኳቸው። ጋሽ ተሰማ እንደሚባሉና ሴንቴኒያል በሚባል ሰፈር ከሴት ልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ ነገሩኝ። ከድር እባላለሁ አልኩ።

«ወዴት ነህ ታዲያ?» አሉኝ።

ወደ ላይ ትንሽ ልሄድ ነው አልኩ። እሳቸውም ወደዚያው እንደሆኑ ነገሩኝ። ጫማዬን አድርጌ ስነሳ እግሬ ስላመመኝ ሐሳቤን ቀየርኩና፣ አይ፣ ወደ ጣቢያው ብመለስ ይሻላል አልኩ። ይገርማል፣ እሳቸውም ሊመለሱ ነበር። ከዚያ አንድ ሰዓት ሳልሞላ መመለሴን ሳስብ ሐኪሙ ትዝ አለኝና እንደገና ወደ ላይ ዞርኩ። ጋሽ ተሰማም ጃንጥላቸውን አዙረው ዞሩ።

ያኔ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። የራሳቸው መንገድ የሌላቸው ሰው ናቸው ማለት ነው። ከልጅ ጋር ሊኖሩ ከአገር ቤት መጥተው፣ ልጅ ሥራ ስትሄድ በር ከፍተው ወጥተው የሚጠፉ ትልልቅ ሰዎችን ታሪክ ስሰማ ኖሬአለሁ። እኔም ታክሲ ውስጥ አንድ ሁለቱን አግኝቼ ቤታቸውን ስፈልግ ውያለሁ። ከረባት፣ ጃንጥላ፣ የሚሄዱበትን አለማወቅ፤ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ግፊቴንም ፎርሙንም ረስቼ እኚህን ሰው በሰላም ለልጃቸው ሳላስረክብ አልለያቸውም ብዬ ወሰንኩ።

ግን ትልቅ ሰውን «ጠፍተው ነው ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። ክብራቸውን ሳልነካ በዙሪያ በዙሪያው መሄድ ነበረብኝ። ልጃቸው የት እንዳሉ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ታውቃለች አሉና እሳቸው ደግሞ የኔ ሚስት የት እንዳለሁ ታውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ አልወደድኩትም። ሳል ሳል ብዬ ስለ ዛፎቹ ማውራት ጀመርኩ። ትንሽ እንደሄድን ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። አሁንም ስለ ተራራው አወራሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ እርግጠኛ ሆንኩ፤ የጠየቁትን ወዲያው ይረሳሉ።

ለማረጋገጥ ብዬ አንድ ፈተና አዘጋጀሁ። እንዲሁ ወሬ አስመስዬ፣ «ዛሬ ማክሰኞ ነው አይደል?» አልኳቸው።

«ረቡዕ ነው ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። በጣም አዝነው አዩኝ።

ምስኪን፣ ቀኑም ጠፍቶባቸዋል ብዬ እኔም አዝኜ አየኋቸው። ተርቦ መሄድ አይሆንም ብዬ ፌስታሌን ከፈትኩና ሳምቡሳ አቀረብኩላቸው። ረቡዕ መሆኑን አሁን እንደነገሩኝና ረቡዕ ጾም እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። ፈቀቅ ብዬ ስልኬን አየሁ። ረቡዕ ነበር። ሰው ሥራ ሳይሄድ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ቀን ከቀን ይምታታበታል። ይህንን አንድ ማስረጃ ሰርዤ በቀሩት ብቻ ልቀጥል ወሰንኩ። ሳምቡሳውን እሳቸው ፊት መብላት አፍሬ መልሼ ቋጠርኩት።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ወንዙን ተከትለን ወደ ሰሜን ብንሄድ ቀጣዩ የባቡር ጣቢያ ይገኛል፣ እዚያ አስቀምጬ ለልጃቸው እደውላለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ በቀን አሥር ጊዜ በመኪና የማልፍበት ሰፈር ነው። የረሳሁት፣ የእግር መንገዱ ከድልድዮቹ በታች ማለፉን ነው። ድልድይን ከላይ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ከታች ሲያየው ምንም አያውቀውም ለካ። ሁሉም አንድ ዓይነት ኮንክሪት ነው፣ ከሁሉም ሥር ርግብ አለ። እኔ ግን መንገድ ማወቅ ሥራዬ ስለሆነ መጠየቅ አልችልም። ፊት ፊት እየሄድኩ «አይዞዎት፣ ደርሰናል» እላለሁ። እሳቸውም «አይዞህ» ይሉኛል።

እግሬ ተላልጦ ማነከስ ጀምሬ ነበር። ጾም ላይ ያሉት ሽማግሌ ደግሞ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ቶክ ቶክ እያደረጉ ምንም ሳይመስላቸው ይራመዳሉ። እንዲያውም ሁለቴ ቆመው ጠበቁኝ። እርዳታ እየሰጠሁ ያለሁት እኔ ነኝ ብዬ ለራሴ ማስታወስ ነበረብኝ።

በመጨረሻ ጨነቀኝና፣ ልጃቸው እንዳታስብ አሁኑኑ ብንደውልላት አልኳቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው በራ። ስልኬን ተቀበሉ፣ ቁጥሩን በቃላቸው መቱ። ይህም ትንሽ ግር አለኝ፣ እኔ የሚስቴን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም። አሥር እርምጃ ርቀው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አወሩ። ስልኩን ሲመልሱልኝ ሂሩት መኪና ይዛ እየመጣች እንደሆነ ነገሩኝ። ተመስገን አልኩ። ጣቢያው ጋ ትጠብቀን፣ ልንደርስ ነው አልኳቸው።

«ጣቢያውን ካለፍነው ግማሽ ሰዓት ሆኖናል» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

«ትንሽ መሄድ ከፈለግክ ብዬ ነዋ። ውስጥህ ቀለል እንዲልህ።»

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ግን አልነቃሁም።

ሂሩት ከድልድዩ አጠገብ ያለ ፓርኪንግ ውስጥ አገኘችን። አርባ የሚጠጋት፣ የነርስ ልብስ ላይ ሹራብ የደረበች ሴት ናት። ከሌሊት ሥራ መልስ ከእንቅልፏ መነሳቷ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ምስጋናዋን በትሕትና ለመቀበል ቃላቴን አዘጋጅቼ ነበር፤ ምንም አይደለም፣ የማንም ሰው ግዴታ ነው ልላት። እሷ ግን አባቷን አልፋ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ ክንዴን ይዛ። «አባዬ ሁሉን ነግሮኛል። ምንም አታስብ። ነርስ ነኝ፣ ሀርድ ታይም ላይ ያለ ሰው ብዙ አያለሁ። ሼም የለውም።»

እኔ ነኝ? አልኳት። የጠፉት እሳቸው ናቸው አልኩ፣ ይህኛውን በጆሮዋ ሹክ ብዬ።

ሂሩት አባቷን አየች፣ እኔን አየች። አባቷ በየሳምንቱ ረቡዕ ከመጨረሻው ጣቢያ ተነስቶ እስከሚቀጥለው በእግሩ ሄዶ በባቡር እንደሚመለስ ነገረችኝ። ሦስት ዓመቱ ነው። ከረባቱ ከቤት ሲወጣ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው። ጃንጥላው ውሻ ቢመጣ መከላከያ ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ ጋሽ ተሰማ ለሁለታችንም። «በሥራ ሰዓት፣ ብቻውን፣ ወንዝ ዳር ጫማውን አውልቆ ደርድሮ፣ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ጎልማሳ አየሁ። ሚስትህ የት እንዳለህ ታውቃለች ስለው ስለ ዛፍ ያወራኛል። ቀኑን አያውቀውም። ወደ ላይ ይላል፣ ወደ ታች ይላል። ውሃው ውስጥ ይገባል ብዬ ሰጋሁ። ጥዬው ልሂድ?»

ጠዋቱን በሙሉ መልሼ በእሳቸው ዓይን አየሁት። ሦስት ጊዜ የጠየቁኝ ረስተው አልነበረም፤ ሦስቱንም ጊዜ ስላልመለስኩ ነው። መንገድ የሌላቸው የመሰለኝ መንገዳቸውን ትተው እኔን ስለተከተሉ ነው። እኔ ትልቅ ሰው በቀጥታ አይጠየቅም ብዬ፣ እሳቸው ደግሞ የተከፋ ሰው በቀጥታ አይጠየቅም ብለው፣ ሁለት ሐበሾች አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ ሳንጠያየቅ አምስት ማይል ተሸኛኝተናል።

ሳቄ መጣ። ሂሩትም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ጨርሳ፣ ነርስ ስለሆነች መሰለኝ፣ ትክ ብላ አየችኝና ያንኑ ጥያቄ ለአራተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ።

«እሺ፣ ግን ሚስትህ የት እንዳለህ ታውቃለች?»

ልቀልድ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ቀልድ አልነበረም። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ከዚያም እንባው ፈሰሰ፤ አንዲት የማላውቃት ሴትና አንድ ሽማግሌ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብስክሌት የሚነዱ ፈረንጆች እያለፉ።

«ጫማው ነው» አልኩ። «ጫማው ጠቦኝ ነው።»

ሁለቱም ያመኑኝ መሰሉ። ጋሽ ተሰማ ጎንበስ ብለው ጫማዬን በጣታቸው ተጫኑና፣ እውነት ነው፣ ጠቦታል አሉ።

መኪናው ውስጥ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሂሩት ከኋላ የግፊት መለኪያዋን አውጥታ ለካችኝ። ወርዶ አልነበረም፣ ሐኪም ቤት ከተለካው ግን በጥቂቱ ይሻል ነበር። ባቡር አያስፈልግም ብላ ናይን ማይል ድረስ ነዳችኝ፤ ታክሲ ነጂ ከሆንኩ ወዲህ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እንደማውቅ አላስታውስም። መኪናዬ ጋ ስንደርስ ጋሽ ተሰማ ወርደው ቆሙ። ካልደወልኩ እንደማይሄዱ ገባኝና እፊታቸው ለሰሚራ ደወልኩ። ከሐኪሙ ጀምሬ እስከ ድልድዩ ድረስ ነገርኳት። ከዚያ «አላልኩህም?» አለች፤ ድምፅዋ ግን የፈራሁት ዓይነት አልነበረም። ወዲያው ምሳ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ። ፌስታሌ ውስጥ ሰላጣ ይዣለሁ ብዬ ስለ ሳምቡሳው ዋሸኋት።

በሦስተኛው ሳምንት ምርመራውን ለጥቂት አለፍኩና ሐኪሙ ፈረመልኝ። ታክሲዬን እየነዳሁ ነው። ዓመት አልፏል፤ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት አልሠራም። በአንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ አድርጌ የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ከጋሽ ተሰማ ጋር እገናኛለሁ። ድልድዮቹን አሁን ከታችም አውቃቸዋለሁ። ሰላምታ እንደጨረስን ያቺን ጥያቄያቸውን ይጠይቁኛል፣ እኔም ታውቃለች ጋሼ እላቸዋለሁ።

ይህን ታሪክ ለታክሲ ጓደኞቼ ብዙ ጊዜ ነግሬ አስቄአቸዋለሁ። ሁልጊዜ የማቆመው ጫማው ነው ያልኩት ጋ ነው። የቀረውን ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህ መጻፌ ነው። ጫማው ጠቦኝ ነበር፣ ይህ እውነት ነው። ግን ለእግሩ ብሎ የሚያለቅስ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው አላውቅም። ያን ጠዋት ሰው ያወቅኩ የመሰለኝ እኔ ስሳሳት፣ ጋሽ ተሰማ ግን ስለ እኔ አልተሳሳቱም።